አማቴ የሰረቁት አፈር

ሚስቴ አፈር ታጥባለች። ልብስ አላልኩም፣ ሳህን አላልኩም፤ አፈር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመን ሰው "ባለቤትህ ምን ትሠራለች?" ሲለኝ ይህንኑ እመልሳለሁ። ሳንታ ክላራ የሚሠሩት ባለ ኮምፒውተሮች ስለ ሚስቶቻቸው ሲያወሩ ሶፍትዌር፣ ማርኬቲንግ፣ ምናምን ይላሉ። እኔ አፈር ስል እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱማ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አይዞህ፣ ያልፋል" ብሎኛል። ማስተርስ እንዳላት ልነግረው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። ይዘንልኝ፣ ምን ቸገረኝ!

እኔ ገዛኸኝ ነኝ፤ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የማመላልስ የትራክ ሾፌር። ሚስቴ የወርቅውሃ ትባላለች። ሥራዋ ፋብሪካዎች ሲከብሩበት ኖረው፣ መርዛቸውን ጥለውበት የሄዱትን መሬት ማጽዳት ነው። ዲቪ ደርሷት የመጣች ሰሞን ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበረች። ከዚያ ሳን ሆዜ እየተመላለሰች ተማረች፤ ከዚያ ደግሞ የተዘጉ ማደያዎችን ከርሰ ምድር ስታሸት ኖረች። ስታሸት ስል ቀልዴን አይደለም። ሌክ ሜሪት አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ራት የጋበዝኳት ቀን፣ አበባ ይዤ፣ ሽቶ ተነክሬ ቆሜያለሁ። አየሩን ሳብ አደረገችና "እዚህ ሥር የድሮ ቤንዚን ታንክ አለ" አለችኝ። ሽቶዬን የተመለከተ አንድ ቃል አልወጣትም። እንደማገባት ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው።

ያለፉትን አራት ዓመታት የምትሠራው ለአንድ ነገድ ነው። ነጭ ሳይመጣ በፊት ይህን ሁሉ የባሕር ዳርቻ ይዘው የነበሩት ሰዎች ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሎሬይን "በየወሬያችሁ አታስገቡን" ብላለች። ሎሬይን የነገዱ ሽማግሌ ናት፤ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ባስ ሾፌር። በሹፌርነታችን እንግባባለን። በአማርኛ ብናወራ አንቱ እላት ነበር፤ እንግሊዝኛው ላይ አንቱታ ስለሌለ እኩያዬ ሆና ቀረች።

መሬቱ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለ ግቢ ነው። ድሮ የመኪና ባትሪ ይቀልጥበት ነበር። ሰዎቹ ስንት ዘመን ተሟግተው ሲመለስላቸው፣ ሊድ ጠጥቶ የጠገበ መሬት ነው የተመለሰላቸው። ሊድ የልጅ አእምሮ የሚያደነዝዝ መርዝ ነው። እኛ ቤት ይህን ሳያውቅ ራት የሚበላ ሰው የለም።

አብዛኛው አፈር ተቆፍሮ በትራክ ወጣ። ኦክ ዛፍ ያለባት አንዲት ጥግ ስትቀር ግን አጥንት ተገኘ። የሎሬይን የቅድመ አያቶች አጥንት። ሎሬይን መጣችና የመቆፈሪያው ማሽን ፊት ቆመች። "ከዚህ ጥግ አንድ ጭብጥ አፈር አይወጣም" አለች። "የመጣው ሁሉ እያፈሰ ሄዷል። አጥንታችን ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አፈራችን የሌላ ሰው መንገድ ሥር ነው። በቃ!"

የእኔዋ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞረች ተጨቃጨቀች። አፈሩ እዚያው ባለበት የሚታከምበትን ዘዴ አመጣች፤ አስፈቀደችም። ለሎሬይንም ቃሏን ሰጠች፤ ትቢያ እንኳ አይወጣም አለች። ከዚያች ጥግ የሚወጣ ሠራተኛ ሁሉ በሩ ላይ ትልቅ ትሪ ላይ ይቆማል፣ ጫማውን በብሩሽ ያራግፋል፤ የተራገፈው ተመልሶ ዛፉ ሥር ይደፋል። ከእሷ በፊት የነበረውን ስፔሻሊስት ሎሬይን ያባረረችው ሳያስፈቅድ ለሳምፕል ብሎ አፈር በኪሱ ይዞ ሲወጣ አግኝታው ነው። በዚያው ቀን፣ እዚያው በሩ ላይ። የወርቅውሃ ግን ቆየች። ደሞዟም ዲግሪዋም አንድ ላይ ቢመዘኑ ያችን ቃሏን አያህሉም፤ እኔ ባሏ እመሰክራለሁ።

አሁን ወደ አማቶቼ። አማቴ እትዬ ጥሩዬ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። የሚስቴ አባት ጋሽ ክንፉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ጠባይ ነበራቸው። ሰው ቤት ገብተው ባለቤቱ "ይቀመጡ" ካላላቸው ሞተው ይገኛሉ እንጂ አይቀመጡም። ከአዲስ አበባ የመጡ ዕለት ከኤርፖርት አምጥቼ ሳሎን አስገባኋቸውና መኪና ፓርክ ላደርግ ወጣሁ። ሌክ ሜሪት ዙሪያ ፓርኪንግ መፈለግ ሱባዔ መግባት ነው። ተመልሼ ስመጣ እትዬ ጥሩዬ ሶፋው ላይ ተጋድመው ያንኮራፋሉ፤ ጋሽ ክንፉ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሃል ሳሎን ቆመዋል።

"ምነው ጋሼ? ለምን ቆሙ?"

"ባለቤቱ አልነበርክማ" አሉኝ።

ሐኪም ቤትም ያው ነበሩ። ዶክተሩ "ሲት ዳውን" እስኪላቸው ድረስ ቀጥ። እንደ ዘብ አንገታቸውን አቅንተው የሚቆሙ ሰው ነበሩ፤ እንዴት ልበላችሁ! ከሁለት ዓመት በፊት አረፉና ኦክላንድ ኮረብታው ላይ ቀበርናቸው።

አንድ ቀን ራት ላይ እትዬ ጥሩዬ ልጃቸውን ጠየቁ። "እነዚህ የምትሠሪላቸው ሰዎች፣ መሬታቸው የቱ ነበር?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም ማለት?"

"ወደቡም፣ ከተማውም፣ ወደ ሳን ሆዜ የሚወስደውም፣ እማዬ። በየአካባቢው የእነሱና የዘመዶቻቸው ነበር።"

"ይሄ ያለንበት ፎቅስ?"

"ከሥሩ ያለው መሬት የእነሱ ነው።"

"ታዲያ ኪራዩን ለእነሱ ነው የምትከፍሉት?"

እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ ሽሮ ትን አለኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "አባትሽ ያረፈበትስ?" አሉ።

"እሱም" አለች የወርቅውሃ፣ ስልኳን እያየች።

አማቴ ሳይጨርሱ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ። ሆዳቸውን የቆረጣቸው መስሎኝ ዝንጅብል አፈላሁላቸው። ብልጥ አማች!

ከዚያ ወዲህ ነገዱ መሬቱ የተመለሰበትን ቀን ሲያከብር የሠራተኛ ቤተሰብ ተጠራ። አማቴ ነጠላቸውን አጣፉና ሄድን። ሎሬይን ዛፉ ሥር ተንበረከከች፤ አፈሩን በባዶ እጇ ይዛ በቋንቋቸው ስትናገር እንባዋ ይወርዳል። "ምን እያለች ነው?" አሉኝ አማቴ። "የአያቶቿን ስም እየጠራች ነው" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ የተጠበሰ ዓሣ ሲሸተኝ እኔ ወደዚያው አቀናሁ። ዞር ስል እትዬ ጥሩዬ ዛፉ ሥር አጎንብሰዋል። ጫማቸውን እያሰሩ ነው ብዬ አለፍኩ። የአማቴ ጫማ ማሰሪያ የለውም። ይህ ትዝ ያለኝ ከሳምንታት በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የወርቅውሃ ከቢሮዋ አስፈቅዳ ማሽኗን ቤት ይዛ መጣች። ሽጉጥ የመሰለች ማሽን ናት፤ ዕቃ ላይ ስትደግኗት ሊድ ካለው ስንት እንደሆነ ትናገራለች። ቅመም ውስጥ ሊድ ተገኘ የሚል ወሬ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች መሃል ስለገባ፣ የሁሉንም ልትፈትሽላቸው ቃል ገብታ ከእናቷ ጓዳ ጀመረች። በርበሬ ንጹሕ። እርድ ንጹሕ። ኮረሪማ ንጹሕ። እትዬ ጥሩዬ በየብልቃጡ "አላልኩሽም?" እያሉ ደረታቸውን ነፉ። በዚህ መሃል ሚስቴ አልጋቸው ራስጌ ያለች ትንሽ ብልቃጥ አየች።

"ይቺስ?"

"እሷን ተያት፣ እምነት ናት።" እምነት ያው የተባረከው አፈር ነው፤ ያመመው የሚቀባው።

"እስቲ ልያት" አለችና ደገነች። ቁጥሩ ዘለለ። ማሽኗ የተሳሳተች መስሏት እንደገና ደገነች። አሁንም ዘለለ።

"እማዬ፣ ይሄን ማን ሰጠሽ?"

"ማንም አልሰጠኝም። ከቅዱሱ ቦታ ራሴ ነኝ ያመጣሁት።"

"የቱ ቅዱስ ቦታ?"

"አንቺ የምትሠሪበት ነዋ!"

የዚያን ጊዜ ነው ጫማው ትዝ ያለኝ።

የወርቅውሃ ብትጮህ ደስ ይለኝ ነበር። አልጮኸችም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "አለቀልኝ" አለች። "ያን ሰውዬ በኪሱ ይዞ ሲወጣ ነው ያባረረችው። እኔ ደግሞ እናቴን ይዤ ገብቼ አሰረቅኳት።"

"ምን አልሽ? መስረቅ?" እትዬ ጥሩዬ እሳት ጎረሱ። "በረከት ይሰረቃል እንዴ?"

"መርዝ ነው እማዬ! መርዝ!"

"ዝም በይ! ሴትዮዋ በባዶ እጇ ይዛው አላለቀሰችም? እናንተ ጓንት ስታጠልቁ እሷ አጠለቀች? መርዝ ቢሆን ትነካው ነበር?"

 የወርቅውሃ ግን ሄዳ የእናቷን ግንባር በሳሙና ማሸት ጀመረች፤ እሳቸው እየተራገሙ፣ እሷ እያሸች፣ ጥያቄው ቀጠለ። ለማን ለማን ሰጠሽ? ለብሩክታዊት ትንሽ። ለባዩ ትንሽ። ሌላስ? "ሌላ የለም" አሉ እትዬ ጥሩዬ፣ ጣሪያውን እያዩ።

መጀመሪያ ሳን ሆዜ፣ ብሩክታዊት ጋ። ብሩክታዊት የሚስቴ ጓደኛ ናት፤ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም የምትመረምር የተማረች ሴት ናት። እምነቷን ከቫዝሊን ጋር ለውሳ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ስትቀባ ከርማለች። "ቆዳዬን አላየሽውም? ጥርት አላደረገልኝም?" አለቻት። የወርቅውሃ ስትነግራት ቫዝሊኑ ከእጇ ወደቀ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ያን ቀን ራሷ የራሷን ደም ቀዳች፤ ደህና ሆና ተገኘች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቆዳዋ ግን እውነት ጠርቶ ነበር። ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ እናንተም አትንገሩብኝ።

ባዩ ደግሞ የወደብ ባልደረባዬ ነው። ድርሻውን በትንሽ ከረጢት ቋጥሮ ከትራኩ መስታወት ላይ ሰቅሎታል።

"አልሰጥም" አለኝ። "ይሄ ከተሰቀለ ወዲህ አንድ ፖሊስ አላስቆመኝም።"

"ባዩ፣ መርዝ ነው እኮ!"

"ፖሊሱን ከመረዘልኝ ምን አለበት?"

ግማሽ ሰዓት ለመንኩት። በመጨረሻ የእኔን መስቀል ከመስታወቴ ፈትቼ ሰጠሁት፤ ከረጢቱን ለቀቀ። እኔ በሳምንቱ ቲኬት በላሁ።

ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። ብልቃጥ፣ የቫዝሊን ዕቃ፣ ከረጢት። የወርቅውሃ የእናቷን ነጠላ አመጣች፤ ተቋጥሮበት የነበረው ጫፍ አሁንም ምልክቱ አለ። እሱን አየች፣ ሦስቱን አየች። "ይጎድላል" አለች።

"ነፋስ ወስዶት ይሆናል" አሉ እትዬ ጥሩዬ።

"እማዬ!"

"ነፋስ ነው አልኩሽ! እናትሽን ፖሊስ ልታደርጊያት ነው?"

ከዚያ በኋላ አፋቸው ተቆለፈ። እኔ ባል ነኝና ምክር ሰጠሁ። "ሰኞ በማለዳ ሄደሽ ዛፉ ሥር በትኚው። ማን ያያል? ለምን ነገር ታበዢያለሽ?"

የወርቅውሃ አየችኝ። ያን ዓይነት አስተያየት ከዚህ በፊት ያየችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ጫማዬን ሳላወልቅ መኝታ ቤት የገባሁ ዕለት። "ሳልጠይቅ ወጣ፤ ሳልናገር ልመልሰው?" አለች። "ፈርቻለሁ፣ ገዝሽ። ሎሬይን ፊቷን ስታዞርብኝ ይታየኛል። ግን እነግራታለሁ።" ከዚያ አለቀሰች። ያኔ እኔም ቀልዴን አቆምኩ።

ሰኞ ሦስታችንም ሄድን። ሎሬይን ዛፉ አጠገብ ታጣፊ ወንበሯ ላይ ነበረች። የወርቅውሃ ሳትቀንስ ሳትጨምር ነገረቻት፤ ዕቃዎቹንም ፊቷ አስቀመጠች። ሎሬይን ቫዝሊኑን ከፍታ አየች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የብሩክታዊት ፊት ነው" አልኩ። ሚስቴ እግሬን ረገጠችኝ።

"አራት ዓመት" አለች ሎሬይን። ድምጿ አልጨመረም፤ ቢጨምር ይሻል ነበር። "አራት ዓመት ጫማሽን ስታራግፊ እያየሁ፣ ይቺ ትለያለች አልኩ። ሁሉም ይኸው ነው?"

"አይደለም" አለች የወርቅውሃ። "ይጎድላል። የት እንዳለ አላወቅኩም።"

ሎሬይን ፊቷን አዞረች። ልክ ሚስቴ እንደፈራችው። የወርቅውሃ የመግቢያ ባጇን ከአንገቷ ማውለቅ ጀመረች።

"ተርጉሚልኝ" አሉ እትዬ ጥሩዬ በድንገት።

"እማዬ፣ አሁን አይደለም..."

"ተርጉሚ አልኩሽ! ልጄ እንዳትባረር ብዬ ነው እንጂ ለማንም የምናገረው አልነበረም።" ነጠላቸውን አስተካክለው ሎሬይን ፊት ቆሙ። "እመቤቴ፣ የቀረው አፈር ባሌ መቃብር ላይ ነው። ባሌ ባለቤቱ ተቀመጥ ሳይለው ቁጭ ብሎ የማያውቅ ሰው ነበር። አገሩ የእናንተ መሆኑን አላወቅንም። ማንንም ሳንጠይቅ ወስደን አጋደምነው። ይሄን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ባርኔጣውን ይዞ እዚያ ቆሞ ነው የሚታየኝ። ከእናንተ አፈር ትንሽ ባደርግለት፣ የባለቤቶቹ አያቶች ይቀበሉት ይሆናል ብዬ ነው። ሌላው ለበረከት ነው። ያ ግን ለእሱ ነው።"

የወርቅውሃ እስከ ባርኔጣው ድረስ ተረጎመች። ባርኔጣው ላይ ድምጿ ተቆረጠ። የቀረውን እኔ በዚያ በተሰባበረ የወደብ እንግሊዝኛዬ ጨረስኩት፤ እኔም ብሆን ዓይኔ ደህና አልነበረም።

 ባቡር መጣ፣ አለፈ።

"ስሙ ማን ነው?" አለች ሎሬይን።

"ክንፉ" አሉ እትዬ ጥሩዬ፣ ትርጉም ሳይጠብቁ።

ሎሬይን ስሙን ለራሷ ሁለት ጊዜ አለችው። የወርቅውሃ ግን ያው የወርቅውሃ ናት፤ አፍንጫዋን እየጠረገች "ዛሬውኑ ሄጄ ከመቃብሩ ላይ አንስቼ አመጣዋለሁ፣ ሊዱ ከፍተኛ ነው" ማለት ጀመረች።

"የሞተን ሰው ሊድ ምን ያደርገዋል?" አለቻት ሎሬይን። "ባጅሽን መልሰሽ አንገትሽ ላይ አድርጊ። ይህን ሁሉ ዘመን የመጣው ሰው ሳይጠይቅ ነው የተቀመጠው። ቆሞ የጠበቀ ሲገጥመኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሂዱና ንገሩት፤ ሎሬይን ተቀመጥ ብላሃለች በሉት።" ከዚያ ወደ እትዬ ጥሩዬ ጣቷን ቀሰረች። "እሷን ግን አላምናትም። ከእንግዲህ በዓል ሲኖር በሩ ላይ ብሩሹን የምትይዘው እሷ ናት።"

ይህን ስተረጉምላቸው አማቴ ተቆጡ። "ጫማ ጠራጊ ልታደርገኝ ነው?" አሉ። ዛሬ እዚያ በር ላይ ተቀምጠው ሲያዩአቸው ጉምሩክ ሹም ነው የሚመስሉት፤ ሎሬይንን ራሷን ሁለት ጊዜ መልሰዋታል።

ያን ቀን ከዚያው ወደ ኮረብታው ነዳን። የወርቅውሃ ከአባቷ ራስጌ ቆመች፤ ከቀበርናቸው ወዲህ እንዲህ ጎንበስ ብላ ስታወራቸው አይቻት አላውቅም። "አባዬ፣ ባለቤቶቹን ጠይቀናል" አለችው። "ተቀመጥ ብለውሃል። ቁጭ በል።"

እትዬ ጥሩዬ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ልንሄድ ስንል የወርቅውሃ ከቦርሳዋ ብሩሿን አወጣች። የእናቷን ጫማ አራገፈች፣ የእኔን አራገፈች፣ የራሷን አራገፈች። የተራገፈውን በመዳፏ ሰብስባ ከአባቷ እግር ሥር መልሳ አስቀመጠችው።